አፍ የሌለው ማሽን

በሱቄ በር ላይ የነበረውን ጽሑፍ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። «ሽፈራው ጌም ቤትና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና» ይል ነበር። ሁለት ጊዜ ነጭ ቀለም ብቀባውም «ጥገና» የምትለዋ ቃል እስካሁን ከሥር ብቅ ትላለች። የመሐል ሜዳ ሰው ባገኘኝ ቁጥር «ጡረታ ወጣህ አሉ» ይለኛል። ጡረታ ደሞዝ ለነበረው ሰው ነው፤ እኔ ሥራውን አላቆምኩትም፣ ሥራው ነው ያቆመኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ከሬዲዮ እስከ ጌም ማሽን ስፈታና ስገጥም ኖሬ በመጨረሻ በእጄ የቀረው የማይከፈት አንድ ነጭ ሣጥን ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሣጥን ነው። ነገር ግን ከሣጥኑ ብጀምር ያጠፋሁት ጥፋት ልኩ አይታወቅም፤ ስለዚህ ከጋሽ እንድሪስ ልነሣ።

ጋሽ እንድሪስ ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ከቆላው ወጥተው ጨርቅ ሲነግዱ እሳቸው ብቻ ጨርቁን ትተው ካቻቪቴ ያዙ። እኔ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ ከመንዝ ወርጄ ሥራ ስፈልግ ነው ያገኙኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ታውቃለህ?» ብለው አልነበረም። «እጅህን አሳየኝ» አሉኝ። አገላብጠው አዩና «ታጠብ» አሉ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ በየቀኑ የምሰማው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ።

ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ብሎኖቹን በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ውስጥ አንድ በአንድ ያስቀምጧቸዋል፤ ቆርኪዎቹንም ብሎኖቹ በወጡበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድሯቸዋል። ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳሉ። አንድ ብሎን ተርፎ አይቼ አላውቅም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ባለቤቱ ሳይኖር ዕቃ አይከፍቱም፣ ባለቤቱ አይቶ ሳያረጋግጥም ዕቃ ከእጃቸው አይወጣም። አንድ ቀን ከአንጎለላ የመጣች ሴት ቴፗን አስቀምጣ «እህል ላስፈጭ፣ እስክመለስ ሠርታችሁ ጠብቁኝ» ብላ ሄደች። ጋሽ እንድሪስ ቴፑን እንኳ አልነኩትም። ሥራ ፈትተን ሁለት ሰዓት ጠበቅናት።

«ቺንጋው ነው የተበጠሰው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ቺንጋውንማ አይቼዋለሁ። ውስጡ ያለውን ካሴት ግን የምታውቀው እሷ ናት። ድንገት ብንጎትተው፣ ቢበጠስስ? አንተ መለዋወጫ ነው የምታየው፤ እሷ ምን እንደምታይ አታውቅም» አሉኝ።

ሴትየዋ ስትመለስ ካሴቱ ላይ የሞተው ባሏ የሠርጋቸው ዕለት ሲዘፍን የተቀዳ ድምፁ እንዳለ ነገረችን። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አልዞሩም፤ እኔም ቀና አላልኩም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ እስቅበት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡት መለዋወጫ ዋስትናው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ እያንዳንዱ የጥገና ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ይጽፋሉ፤ የኛንና የፈረንጁን። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ እስክሪብቷቸው ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። የኛ ዓመት በዚያች አንዲት ቀን ስለሚዘገይ እስከ የካቲት ድረስ የፈረንጁ ቀን ከለመድነው በአንድ ይበልጣል። «ክሩን ካየሁ አንድ እጨምራለሁ» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ለአንዲት ቀን ሲባል እስክሪብቶ በክር የሚታሰርበት ምክንያት አልታይ አለኝ። ወጣት ነበርኩ።

ከእሳቸው ተለይቼ ወደ አገሬ የተመለስኩት ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፕላዝማ ቴክኒሻን ሆኜ ነው። ትምህርቱ ከሳተላይት በቴሌቪዥን ሲመጣ መስመሩን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አስረው ገበያ ይወጣሉ። ጉም በወረደ ቀን ምስሉ ይቆረጥና ስልሳ ተማሪ ሰማያዊ መስታወት ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል። እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ሳህኑን አዞራለሁ፤ ከታች ደግሞ «መጣ፣ አልመጣም» ይሉኛል። ያኔ ከሰማይ የሚመጣ ነገር እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ስለዚህ ወጣሁና የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

ሱቁ መጀመሪያ ካሴት ነበር፣ ቀጥሎ ፊልም፣ በኋላ ጌም ቤት ሆነ። ሦስት ቴሌቪዥንና ሦስት ማሽን፣ በፊታቸውም አግዳሚ ወንበር። ከገበያ የመጣ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ከሚኒባስ የወረደ ወጣት ሁሉ ኳስ ይጫወትበታል። የጌሙን ሲዲ የማመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ሲዲ ደግሞ እንደ ሰው ቆዳ ነው፤ በያዘው እጅ ልክ ያረጃል። ሲዲ የሚጠረገው ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀጥ ብሎ ነው። ብዙው ሰው እያዞረ ይጠርገዋል፤ ያን ጊዜ ጭረቱ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሄድና ሲዲው ይሞታል። ጭረቱ ቀላል ከሆነ የጥርስ ሳሙና በጣት ጫፍ፤ ከበድ ካለ ምንም አታደርገውም፤ ሽፋኑ ላይ «የሞተ» ብለህ ትጽፍበታለህ።

ማሽኑ ሲዲውን የሚያነበው ዓይን በምንላት ትንሽ መስታወት ነው። መሐል ሜዳ ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ጠዋት ማሽኑን ስትከፍተው ዓይኑ ላብ ያልበዋል፣ ሲዲውንም አላውቀውም ይላል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ማሽኖቹን በባና ጠቅልዬ ማሳደር ጀመርኩ። ባና የኛ የበግ ጠጕር ብርድ ልብስ ነው፤ ሰውን ካሞቀ ማሽን አያቅተውም ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወር ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። ብከፍተው ማራገቢያው ላይ አንድ እፍኝ ጠጕር ተጠምጥሟል። ደንበኞቼ «ጋሼ ማሽኑን ይሸልቱት» እያሉ ዓመት ሙሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ በነጠላ፣ ከላይ በባና ነበር የምጠቀልለው።

ከነዚያ ደንበኞች አንዱ ሞገስ ነው። ከቀየት ወዲያ ያለ የገበሬ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ተምሮ ሥራ ያላገኘ። ሌላው ወጣት የእንግሊዝ ክለብ መርጦ ሲጋጠም ሞገስ ብቻውን ጥግ ይይዝና ቡድን ይሠራል። ጌሙ የራስህን ተጫዋች መልኩን፣ ቁመቱን፣ አሯሯጡን እየመረጥክ እንድትሠራ ይፈቅዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ መንደሩን በሙሉ ከተተው። በረኛው አባቱ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ተከላካዮቹ አጎቶቹ። ሰባት ቁጥር አጥቂ ራሱ ነው። ቡድኑን የሚያስቀምጥበት አካውንት ያስፈልጋል ብሎ በኔ ስም አንድ ከፈተልኝ። ማሽኑ ሲከፈት በራሱ ስለሚገባ የይለፍ ቃሉን ጠይቄው አላውቅም፤ እሱ ያውቀዋል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አለ ብዬ ነበር።

ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው በገበያ ቀን አባቱን ይዞ መጣ። ጋሽ ደምሴ በትራቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ «ግድ የለም፣ ይግቡ» አልኳቸው። ልጁ አስቀመጣቸውና ቡድኑን አሳያቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ግን በረኛውን ሲያዩ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት አባዬ።»

«ታዲያ ኳሱ ሲመጣ ለምን ዝም ብዬ አያለሁ?»

ቤቱ በሳቅ አወካ። ሞገስ በሚቀጥለው ሳምንት ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ከዚያ ባሕሩን ሊሻገሩ ነበር። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ሌላ አልደወለም።

ከዚያ ስልክ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይተው ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ሱቄ መጡ። ገብሱን ሸጠው፣ ባዶ ስልቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ነበር።

«እንደው ሽፈራው» አሉ፤ «ያንን ልጅ አሳየኝ።»

መጫወት እንደማይችሉ ስለገባኝ ማሽኑ በራሱ እንዲጫወት አደረግኩት። ሁለቱንም ቡድን ራሱ ያጫውታል። ጋሽ ደምሴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሰባት ቁጥሩን በዓይናቸው ተከተሉት። ሞገስ ለራሱ የመረጠው አሯሯጥ እጁን ወደ ታች ጣል፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርግ ነበር፤ በመንገድም ሲሮጥ እንዲያ ነበር።

«ሩጫው የራሱ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። ወጣቶቹ ሲያዩዋቸው ያለ ንግግር አንዱን ማሽን ይለቁላቸዋል። አንድ ጨዋታ አይተው «እግዜር ይስጥህ» ብለው ይሄዳሉ። ሰባት ቁጥር ጎል ያገባ ዕለት ለሚስታቸው ሊነግሯት ፈጠን ብለው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ከዓመት በላይ እንዲህ ቆየን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ያ ማሽን አርጅቶ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቪቴ አዙሬ ጉልበት ጨመርኩለት፣ እንደገና ጨመርኩለት። ጉልበት በጨመርክለት ቁጥር እንደሚቃጠል እያወቅኩ ነው። ሲዲዎቼ ግማሾቹ «የሞተ» ተጽፎባቸዋል፤ ከአዲስ አበባም ሲዲ ማግኘት እየከበደ መጣ። ደብረ ብርሃን አንድ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ምን ያደርጋል። አዲሱን ማሽን አሳየኝ። ነጭ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲዲ የሚገባበት አፍ የለውም።

«ይኼ በምን ይበላል?» አልኩት።

«ጌሙ በኔት ይወርዳል። ሲዲ ቀረ እኮ ጋሼ። አይጫርም፣ አይሰረቅም፣ አቧራ አይገባውም። አሮጌውን ማሽንና ሲዲዎቹን በሙሉ ያምጡና ጥቂት ጨምረው ይውሰዱት።»

«አሮጌው ላይ ያስቀመጥኩት ነገር አለ።»

«አካውንት አለዎት?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ያሳስብዎታል፤ ከአካውንቱ ጋር ይከተልዎታል።»

ሰውየው አልዋሸኝም። የጠየቅኩትን ነው የመለሰልኝ። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ዓይን መጥረግ፣ ሳሙና መቀባት፣ ጠጕር መልቀም ሰልችቶኝ ነበር። አፍ የሌለው ማሽን ማለት ብርድ የማይገባው፣ ሲዲ የማይጫርበት፣ እኔን የማይፈልግ ማሽን ማለት ነው። ሥራዬ ሲቀርልኝ ደስ አለኝ። ያንን ደስታ ዛሬ ሳስበው ራሴን እጠላዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ቢሆኑ ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን ያስቀምጡ ነበር። ጋሽ ደምሴን ያስጠሩ ነበር። ሰባት ቁጥር በአዲሱ ላይ ሲሮጥ አባትየው «እሱ ነው» እስኪሉ ድረስ አሮጌው ከእጃቸው አይወጣም ነበር። እኔ አሮጌውንና ስልሳ ምናምን ሲዲ በካርቶን አስረክቤ፣ አዲሱን ታቅፌ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ነጋዴው የራሱን ጌሞች ጭኖበት ስለነበር ቤቱ ማግሥቱን ሥራ ጀመረ። ወጣቱ በአዲሱ ምስል ተደነቀ። እኔ ወደ ሞገስ አካውንት ልግባ ስል ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። በዚያኑ ዕለት ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

«አጥፍተነው ነው የሸጥነው ጋሼ» አለኝ ነጋዴው። «የሰው ነገር በላዩ እያለ አንሸጥም። ለርስዎም ብለን ነው።»

ሲዲዎቹ ግን አሁንም በካርቶኑ ውስጥ ነበሩ። የኳሱን ጌም ሲዲ ለይቼ መልሼ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። ያች ሲዲ እስካሁን አለችኝ፣ ጭረት የለባትም። የዓለም ተጫዋች በሙሉ አለባት፤ ሞገስ የለባትም። ሰው ሲዲ ይሻላል ወይስ በኔት ብሎ ሲከራከር እሰማለሁ፤ እኔም ድሮ እከራከር ነበር። ሲዲዋ በእጄ ናት፣ አካውንቱም አለ ይባላል፤ ልጁ ግን ከሁለቱም የለም። እሱ የነበረው እኔ በሰጠሁት ማሽን ሆድ ውስጥና የኔ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

የይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው ሊከፈትለት የሚችለው የተወለደበትን ቀን በትክክል ከጻፈ ብቻ ነበር። አምስት ሙከራ ይፈቀዳል። አምስቱ ካለቁ አካውንቱ ለዘለቄታው ይዘጋል።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሞገስ አካውንቱን ሲከፍት «ጋሼ፣ የተወለዱበት ቀን መቼ ነው?» ብሎኝ ነበር። እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም፤ እናቴ «ገብስ ሲታጨድ» ከማለት በቀር አልነገረችኝም። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ እንደ ዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ መስከረም አንድ ተብሎ ነው የተጻፈው። ለኛ የልደት ቀን ቅጽ ላይ ያለ ባዶ ቦታ መሙያ ነው። ስለዚህ ዓይን እየጠረግኩ ቀና እንኳ ሳልል «የፈለግኸውን ጻፍ» አልኩት።

የፈለገውን ጻፈ።

በገበያው ቀን ጋሽ ደምሴ ሲመጡ ነገሩን ነገርኳቸው። መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ያን ጊዜ ገና አልዋሸሁም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ማሽኑን ሸጥኩት አልክ?»

«ለወጥኩት።»

«ልጁ በውስጡ እያለ።»

«አዎ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አብረን መሞከር ጀመርን። መጀመሪያ የመታወቂያዬን መስከረም አንድ በኛ አቆጣጠር ጻፍኩ፤ አይደለም አለ። በፈረንጁ አድርጌ ጻፍኩ፤ አይደለም አለ። ሦስት ቀሩ።

«ምናልባት የራሱን ልደት ጽፎ ይሆናል፤ ሞገስ መቼ ነው የተወለደው?» አልኳቸው።

«የጥቅምት አቡዬ ማግሥት። እናቱ ዝክሩን ጋግራ በማግሥቱ ነው የተገላገለች።» ዓመቱንም ከነውርጩ ነገሩኝ፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ስለሆነ አልተሳሳቱም።

በኛ አቆጣጠር ጻፍኩት። አይደለም። በፈረንጁ ጻፍኩት። አይደለም። ማሽኑ አንድ ሙከራ እንደቀረኝ ነገረኝ። ሌላ ቀን ላስብ ስል ጋሽ ደምሴ ጆይስቲኩን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ተወው» አሉ። «አንዷ ትቅር። እሱ ሲመጣ ይሞክራት። የጻፈው እሱ አይደል? እሱ አይሳሳትም።»

«ጋሽ ደምሴ...»

«አንዷን አትንካብኝ። እንደ አደራ ያዝልኝ።»

እሺ አልኩ። ልጁ ይመጣል ብዬ አላምንም ነበር። አብረውት ከሄዱት አራቱ መካከል ስልክ የደወለ አንድም የለም። ለእሳቸው ግን አሁን የሚመጣበት ምክንያት አለው፤ የሚከፍተው ነገር ይጠብቀዋል።

ብዙም ሳይቆይ ኔት ጠፋ፤ ለሳምንት አይደለም፣ ለወራት። አፍ የሌለው ማሽን ፈቃዱን ከኔት ካላረጋገጠ አልሠራም አለ፤ በየጌሙ ላይ የቁልፍ ምልክት ተለጠፈ። የድሮ ሲዲ ቢሆን መብራት እስካለ ይሠራ ነበር። ጥቂት ወጣቶች መጥተው ቁልፉን አይተው ይመለሳሉ። ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ሁለቱን አሮጌ ማሽኖችም ዓይናቸው አስቀድሞ ስለሞተ ለመለዋወጫ ሰጠኋቸው። ጋሽ ደምሴ ግን የገበያ ቀን መምጣታቸውን አላቆሙም። የሚያዩት ነገር የለም። በሩ ላይ ቆመው «አንዷ አለች?» ይሉኛል። «አለች» እላቸዋለሁ። በትራቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

ኔት ሲመለስ እኔ ሱቁን ለመልቀቅ ዕቃ እያወጣሁ ነበር። በመደርደሪያው ሥር የሱቁን አሮጌ ደብተር አገኘሁ፤ በየቀኑ የጠገንኩትንና የተደረገውን ነገር የምጽፍበት ነው። አንድ ገጽ ላይ «ኅዳር 13፤ ሞገስ አካውንት ከፈተ» ይላል። ገጹን ሳየው የረሳሁት ነገር ሁሉ እንዳለ ተመለሰልኝ። እኔ «የፈለግኸውን ጻፍ» ስለው ሞገስ ስቆ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦

«እንግዲያው ዛሬ ተወለዱ ብዬ ልጻፍ። ዓመቱን ከመታወቂያዎ አሰላዋለሁ፤ ቀኑን የዛሬውን ከስልኬ አይቼ።»

ዛሬ። ቀኑ በእጄ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በርግጠኝነት አወቅኩት። የገበያው ዋዜማ ነበርና ጋሽ ደምሴ በማግሥቱ ይመጣሉ። ገብተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ሰባት ቁጥር ሲሮጥላቸው ታየኝ። ምንም ሳልል ባሳያቸው ብዬ ተመኘሁ። የተሰጠኝን አደራ ረሳሁት ማለት አልችልም፤ አልረሳሁትም። እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው ያልጠበቅኩት። ባለቤቱ ሳይኖር ከፈትኩት።

መስከረም አንድ በፈረንጅ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ነው፤ ከዚያ ተነስቼ በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር 13፣ ኖቬምበር 22። ጻፍኩት። ዓመቱንም አስልቼ ጻፍኩት። ተጫንኩት።

ማሽኑ ጥቂት አሰበና አካውንቱ ለዘለቄታው ተዘግቷል አለኝ።

ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ከኅዳር ጥቅምት፣ ከጥቅምት መስከረም፣ ከመስከረም ጳጉሜ። ጳጉሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቅጠሉን መልሼ ገለጥኩ። ጳጉሜ ስድስት፤ «ቴሌቪዥን ጠገንኩ» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። በዚያ ዓመት መስከረም አንድ በሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነበር የገባው። ሞገስ ስልኩ ላይ ያየው ቀን 23 ነው።

ጋሽ እንድሪስ ቀኑን በሁለቱም ይጽፉ ነበር። እኔ የፈረንጁን መጻፍ ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ክር ማሰሩንማ ከጅምሩም ስቄበታለሁ። በሕይወቴ ሙሉ የሰው ዕቃ ስጠግን ብሎን ተርፎብኝ አያውቅም፤ አንዲት ቀን ግን ጎደለችብኝ፤ በእሷ የጎደለውን ደግሞ መልሶ የሚጠግን የለም።

አሁን ሱቁ የእህል ማከማቻ ሆኗል። ነጩን ሣጥን ቤቴ ወስጄ በነጠላ፣ ከላይ በባና ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሚበርደው ነገር ግን የለውም። ጋሽ ደምሴ ቤቴን አፈላልገው አገኙት። ባለፈው የገበያ ቀንም መጥተው ነበር። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ደጁ ላይ ትንሽ አረፍ አሉ። ወደ ቁም ሣጥኑ አሻቅበው ባናውን አዩ።

«ብርድ አይገባውም?»

«አይገባውም።»

«አንዷ አለች?»

«አለች፣ ጋሽ ደምሴ» አልኳቸው።